ስድስት ሁለት ጊዜ ሲቀነስ

ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ከጓደኛዬ ጋር የተከራየነው ቤት ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ማድ ቤት ነበረው። አንደኛው ክፍል መኝታችን ነው፤ ሁለተኛውን ቢሮ እንለው ነበር። ቢሮ ስል ሁለት ላፕቶፕ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንዱ እግሩ የሚወላገድ ወንበርና መብራት በጠፋ ቁጥር ተሻምተን የምንጠጋው አንድ መስኮት ማለቴ ነው። እሷ የወረታ ልጅ ናት፤ አባቷ ሩዝ ይነግዳሉ። እኔ የደቅ ልጅ ነኝ፤ ጣና ሐይቅ ላይ ያለችው ደሴት። ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ተምረን፣ አብረን ተመርቀን፣ የክፍላችን ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው አዲስ አበባ ሲገቡ እኛ ሐይቁ ዳር ቀረን። እሷ የቀረችው በደንብ አስባበት ነው። እሷ ሁሉንም ነገር አስባ ነው የምታደርገው። እኔ መጀመሪያ እቆጣለሁ፤ ማሰቡ በኋላ ይመጣል።

ማድ ቤታችን የራሱ ሥርዓት ነበረው። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ነን፤ ሥጋ ላይ ስንደርስ እንለያያለን። ጨው፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ሽንኩርትና ሽሮ የጋራ ነው፤ መሃል መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የእሷ የሥጋ ድስት፣ ቢላዋና ጭልፋ በቀኝ በኩል፣ የእኔ በግራ። ማንም እንዲህ አድርጉ አላለንም፤ እኛም ቁጭ ብለን አልተነጋገርንበትም። እዚህ አገር ጎረቤት ሆኖ ያደገ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቃል። አንድም ቀን በዚህ ተጣልተን አናውቅም። የተጣላነው በሰዓት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደቅ ወደ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚመላለሱት የእንጨት ሞተር ጀልባዎች መነሻ ሰዓታቸው አይታመንም። ነዳጅ ይጠፋል፣ ነፋስ ይነሳል፣ ሞተር ይበላሻል። ሰው ዶሮውንና ማንጎውን ተሸክሞ ይወርድና ጀልባው ሄዷል፣ ወይም ገና ነው፣ ወይም ዛሬ የለም ይባላል። እኔ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሐይቁ ዳር ደንገል ሣር ላይ ተቀምጬ የጠበቅሁት ጊዜ ቢደመር አንድ ዲግሪ ይወጣዋል። ስለዚህ ሁለታችን ተመካከርንና ቀላል ፕሮግራም ለመሥራት ተነሳን፤ የጀልባው ማኅበር ማታ ማታ የነገውን መነሻ ይነግረናል፣ ፕሮግራማችን ደግሞ በደሴቱና በዳርቻው ላሉ ሰዎች ስልክ አጭር መልእክት ይልካል። ይኸው ነው። ስማርት ስልክ አያስፈልገውም፣ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ዕድሜያቸውን በሐይቁ ላይ የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ሐሳባችንን ሰምተው አገጫቸውን እያሻሹ፣ "እንግዲህ ሞክሩት። ከሆነ እንይዘዋለን፤ ካልሆነም የተጎዳ የለም" አሉን።

የተጎዳ የለም ያሉት የጓደኛዬን አባት ስላላወቁ ነው። አባቷ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም ሲበዛ ደግ ናቸው። ግን የሩዝ ሱቃቸው ሰው ይፈልጋል፣ ዓይናቸው እየደከመ ነው፣ የተማረች ልጃቸው ደግሞ እዚህ ቤት ተከራይታ ምን እንደምትሠራ ለዘመድ ማስረዳት አቅቷቸዋል። በስልክ ሲያነጋግሯት ሰምቻለሁ። "የጀልባዎቹ ሰዎች ሥራችሁን ከተቀበሉት ቆዪ፣ አልከለክልሽም። ካልተቀበሉት ግን መጥቼ እወስድሻለሁ" ነበር ያሏት። እሷ "እሺ አባባ" ብላ ዘጋች። ያለ እሷ ብቻዬን እዚያች ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አልችልም ነበር፤ ብችልም አልፈልግም።

ሥራውን ተካፈልን። እኔ መነሻውን አንብቦ የሚያዘጋጀውን ክፍል ጻፍኩ፤ እሷ መልእክቱን አሰናድቶ የሚልከውን። ሁለቱን የሚያገናኘው አንድ ቫሪያብል ነው። ቫሪያብል ማለት ስም የተሰጠው ዕቃ በሉት፤ ውስጡ ቁጥር ይቀመጣል፣ ሲፈለግ በስሙ ይጠራል፣ ሲያስፈልግ ውስጡ ያለው ይቀየራል። የእኛን "ሰዓት" ብለን ጠራነውና ከፕሮግራሙ አናት ላይ አስቀመጥነው። አናት ላይ የተቀመጠ ቫሪያብል የሁሉም ነው። ከታች ያለ ማንኛውም መስመር ያየዋል፣ ማንኛውም መስመር ይነካካዋል። ይህ ለእኔ በጣም ተስማሚ ነበር። ደቅ ላይ በር ዘግቶ የሚውል ሰው የለም፤ ያደግሁት እንደዚያ ነው።

ታዲያ ኮምፒውተር መነሻውን የሚመዘግበው በፈረንጁ ሰዓት ነው። እኛ ጧት ሁለት ሰዓት የምንለው ለእሱ ስምንት ነው፤ እኛ ከቀኑ ስምንት የምንለው ደግሞ ሁለት። ለመመለስ ስድስት መቀነስ ነው፤ ከአንድ በታች ከወረደ አሥራ ሁለት መደመር። አበሻ ፕሮግራም ጸሐፊ ሁሉ መጀመሪያ የሚማራት ስሌት ይህች ናት። እያንዳንዳችን የጻፍነውን ለየብቻ ሞከርነው፤ የእኔም ልክ፣ የእሷም ልክ። ማክሰኞ ማታ ገጠምነውና ለረቡዕ የመጀመሪያውን መልእክት ላክን። ደስ ብሎን እራት እንኳን በደንብ አልበላንም።

ረቡዕ ከሰዓት እናቴ ከደቅ ደወለች።

"አንቺ ልጅ! ስምንት ሰዓት ብለሽ አይደለም የላክሽ? ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ወረድሁ። ጀልባው ጧት ሁለት ሰዓት ነው የሄደ አሉኝ።"

"እማዬ፣ ሁለት ሰዓት ነው እኮ የላክነው..."

"ቄሱንም አስነበብኋቸው፤ ስምንት ይላል! እኔስ ግድ የለኝም፣ ነገ እሄዳለሁ። መንደሩን ሁሉ 'የኔ ልጅ ናት የምትልከው፣ በዚህ ሂዱ' ብዬ አስቀርቼ፣ አሁን በምን ዓይኔ ልያቸው?"

እናቴ ስትቆጣ አልፈራም፣ ለምጄዋለሁ፤ ማፈሯን ግን አልቻልኩትም። ስልኩን ሳልዘጋ ሌላ ተደወለ፤ ሊቀመንበሩ ናቸው። ወደ ወደቡ ወረድን።

የዘጌ ተጓዦች ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምረው እዚያው ዋርካው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ጀልባቸው የሚነሳው ስምንት ሰዓት ነው፤ መልእክታችን ሁለት ብሏቸዋል። አንዷ ሴትዮ እያየችን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ስድቡን በልቧ እያዘጋጀችው እንደሆነ ገባኝ። ሊቀመንበሩ ግን አልተቆጡም። አለመቆጣታቸው ባሰብኝ።

"ልጆቼ፣ እኛ የጀልባ ሰዓት ነው የጠየቅናችሁ። እናንተ የፈረንጅ ሰዓት ሰጣችሁን። እኛ ለመቁጠር ፈረንጅ አያስፈልገንም።" ወደ ሐይቁ ዞሩ። "ለቅዳሜ አንድ ጊዜ ሞክሩ። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ሰው ይበዛል። ቅዳሜ ከተሳሳተ ግን ሰው ፊት ሁለተኛ አላቀርባችሁም።"

ጓደኛዬ መንገድ ላይ ለአባቷ ደወለች። መደበቅ አታውቅም፤ ሁሉንም ነገረቻቸው። ቅዳሜ ራሳቸው እንደሚመጡ ነገሯት።

ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ላፕቶፑን ከፈትኩ። እንግዲህ የፈረንጅ ሰዓት ከወጣ የእኔ መቀነስ አልሠራም ማለት ነው ብዬ፣ ከመሃል አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ስድስት ቀንስ። ሞከርኩት። የደቁ ሁለት ሰዓት፣ የዘጌው ስምንት ሰዓት። ልክ!

"በቃ!" አልኩ፣ "ተገላገልን።"

"ምን አድርገሽ ነው?" አለች ከኋላዬ ቆማ።

"አንድ ጊዜ እንደገና ስድስት ቀነስሁ።"

"መጀመሪያ የቀነስሽው ለምን አልሠራም?"

"እኔ ምን አውቄ! አሁን ሠራ አይደለም?"

"ለምን እንደሠራ ካላወቅን ሠራ አይባልም። ቅዳሜ እንደገና ቢገለበጥ ምን ልንላቸው ነው?"

እኔን እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በተደሰትኩበት ሰዓት ሲመጣ ያሳብደኛል። "አንቺ ምን ቸገረሽ፣" አልኳት፣ "አንቺ የምትገቢበት ሱቅ አለሽ!"

እሷ የሶላት ሰዓቷ ደርሶ ስለነበር ውዱእ ልታደርግ ወጣች። እኔ እዚያው ቀረሁ። የተናገርኩትን መልሼ ልውጠው ብፈልግም ወጥቷል። እሷን ላለማጣት ስጣጣር በገዛ አፌ ወደ ሱቁ ሸኘኋት።

ስትመለስ ከማድ ቤት ዱካ ይዛ መጥታ ከአጠገቤ ተቀመጠች። "ተሳስቼ ነው" ከማለቴ በፊት እጇን አወዛውዛ ተይው አለችኝ። ከዚያ በየእርምጃው ላይ ፕሮግራሙ ቁጥሩን እንዲነግረን የምታደርግ መስመር መጨመር ጀመረች። መጀመሪያ፣ ከእኔ ክፍል በኋላ፣ ከጨመርኩት በኋላ፣ ከእሷ ክፍል በኋላ። የደቁን ጀልባ አስኬደችው። ስክሪኑ ላይ ተራ በተራ ወጣ፤ ስምንት። ሁለት። ስምንት። ሁለት።

ተያየን።

"አንቺም ትቀንሻለሽ እንዴ?" አልኳት።

"እንዴ! ኮምፒውተሩ ፈረንጅ ነው ብዬ ነዋ። አንቺ የምትረሺው መስሎኝ።"

"እኔ ደግሞ አንቺ የምትረሺው መስሎኝ!"

ሁለታችንም ስለ ጀልባው ሰው አስበን፣ ሁለታችንም ያንኑ የጋራ ቫሪያብል አንስተን፣ ሁለታችንም ስድስት ቀንሰን መልሰን አስቀምጠናል። ስድስትና ስድስት አሥራ ሁለት ነው፤ የሰዓቱን ክብ አንድ ጊዜ ዞሮ የተነሳበት ቦታ ይደርሳል። ሁለት ጊዜ አበሻ ብናደርገው ተመልሶ ፈረንጅ ሆነ። እኔ በቁጣ ሦስተኛ ስቀንስ እንደገና አበሻ ሆነ። ሳቅ ያዘን። እሷ ስትስቅ ድምፅ የላትም፣ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ እኔ ግን ጎረቤት እስኪሰማ ነው የምስቅ። ከእናቴ ስልክ ጀምሮ የታፈነው ሁሉ ወጣልኝ።

ሳቁ ሲያልቅ "በይ የእኔን ሁለቱንም አጥፊውና ያንቺን እንተወው" አልኩ።

"ይሄም አይበቃም" አለች።

"ደግሞ ምን ሊሆን?"

"ነገ ሌላ ሰው ቢጨመር ወይም አንቺ ራስሽ ከሁለት ወር በኋላ ብትረሺው፣ ያው ክፍት ቫሪያብል እዚያው አናት ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ችግሩ መቀነሱ አይደለም። የሁሉም እጅ የሚገባበት መሆኑ ነው።" ከዚያ በተከፈተው በር ወደ ማድ ቤቱ በአገጯ አመለከተችኝ። "ድስትሽን ለምን ለየሽው?"

"ያ ሌላ ነው።"

"ምኑ ነው ሌላ? ጨውና ዘይቱ ውጭ ነው፤ አንቺም ታነሺዋለሽ፣ እኔም አነሳዋለሁ። ድስቴ ውስጥ የገባው ግን ድስቴ ውስጥ ያልቃል። አንቺ ዓርብ ዓርብ ሽሮሽን ስትሠሪ የእኔ የሥጋ ጭልፋ ድንገት ይገባብኝ ይሆን ብለሽ ተጨንቀሽ ታውቂያለሽ?"

አላውቅም። እውነቱን ለመናገር በማድ ቤት ዕቃ ፍልስፍና የሚያስተምር ሰው አልወድም፤ ግን የምትለው እኔው ራሴ በየቀኑ የምኖርበት ነገር ነው። አንድ ነገር ብቻ አልኳት፤ "መሰሰት ይመስለኛል። ሁሉን ነገር መዝጋት፣ መከለል..."

"መሰሰት አይደለም። ውስጥ ያለው ውጭውን ያየዋል፤ ማንም አልከለከለውም። የውስጡ ነው ወደ ውጭ የማይፈስ።"

የምንሠራበት ቋንቋ ለዚህ የተዘጋጀ ነገር አለው፤ ብሎክ ይባላል። ሁለት ጠምዛዛ ቅንፎች ናቸው፤ አንዱ ይከፍታል፣ አንዱ ይዘጋል። በሁለቱ መካከል የተወለደ ቫሪያብል ዕድሜው እስከ መዝጊያው ቅንፍ ነው። ከዚያ በታች እንደሌለ ይቆጠራል። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ፤ ግን ለምን እንደሚያስፈልግ እስከዚያ ማታ ድረስ ግድ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ሐሙስና ዓርብ እንደገና ጻፍነው። አናት ላይ የቀረው የኮምፒውተሩ ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱንም ማንም እንዳይለውጠው አድርገን ቆለፍነው፤ ማየት ይቻላል፣ መንካት አይቻልም። ለደቁ ጀልባ አንድ ቅንፍ ከፈትን፤ ውስጡ "የእኛ ሰዓት" የሚል ቫሪያብል ተወለደ፣ ስድስት ተቀነሰለት፣ መልእክቱ ተጻፈ፣ ቅንፉ ተዘጋ። ለዘጌው ሌላ ቅንፍ ከፈትን፤ እዚያም "የእኛ ሰዓት" የሚባል አለ። ሁለቱ አንድ ስም ይዘው ሳይተዋወቁ፣ ሳይነካኩ ይኖራሉ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ስለሆንኩ ከመዝጊያው ቅንፍ በታች ሆኜ ሆን ብዬ "የእኛ ሰዓት"ን ጠራሁት። ፕሮግራሙ እንዲህ የሚባል ነገር አላውቅም ብሎ ቆመ። ስሕተት የሚለው ቀይ መስመር ስክሪን ላይ ሲወጣ ስደሰት ያ የመጀመሪያዬ ነው።

"እንቢ አለኝ!" ብዬ ጮህኩ።

"ይበልሽ!" አለች ከማድ ቤት፤ ምሳ እየሠራች ነበር፤ እሷ በቀኝ በኩል።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ አንድ ነገር ማሰቤ አልቀረም። ሌላ ቦታ ሁለት ሰዎች በእምነት ተለያይተው አንድ ማድ ቤት ሲጋሩ ማየት የሚያስገርማቸው ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እንዴት ቻላችሁ ይላሉ። የቻልነው ስለለየን ነው። መደርደሪያው መሃል የእሷና የእኔ የሚባል የለም፤ ድስቱ ላይ ደግሞ የጋራ የሚባል የለም። እኔ እስከዚያ ድረስ መተማመን ማለት ሁሉን ከፍቶ መተው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ዓርብ ማታ መልእክቱ ሄደ። እናቴ ወዲያው ደውላ፣ "ሁለት ይላል፤ እርግጥ ነው?" አለችኝ። እርግጥ ነው አልኳት። "እንግዲህ መንደሩን እንደገና አስወርደዋለሁ" አለች። ከረቡዕ በኋላ እንደገና አፏን ሞልታ ልትናገርልኝ መሆኑን ሳስበው ደግሞ ፍርሃቴ ተመለሰ።

ቅዳሜ ጧት የጓደኛዬ አባት ከወረታ በሚኒባስ መጡ። ሹፌሩን ለሁለት ሰው የመመለሻ ቦታና ዕቃ መጫኛ እንዲይዝላቸው አነጋግረውታል፤ የልጃቸውን ሻንጣ ማለት ነው። ወደቡ ላይ አገኙን። እንደ ሁልጊዜው ግንባሬን ስመው፣ ቤተሰቤን ጠይቀው፣ ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

"መቼ ነው የሚመጣው?" አሉኝ።

"ሁለት ሰዓት ላይ ከደቅ ይነሳል ብለናል፣ አባባ። ከእኩለ ቀን በፊት እዚህ ይደርሳል።"

"ይቀመጡ፣ አባባ" ብላ ልጃቸው ድንጋይ ላይ ነጠላዋን አነጠፈችላቸው። ተቀመጡ። እኔ ደግሞ ዝም ማለት ስለማልችል ስለ ሩዝ ጠየቅኋቸው፣ ስለ ዝናቡ ጠየቅኋቸው፣ የማላውቀውን ስለ መፈልፈያ ማሽን ሳይቀር ጠየቅኋቸው። ሁሉንም በትዕግሥት መለሱልኝ። ሊቀመንበሩ ትንሽ ራቅ ብለው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሐይቁን ያያሉ።

መጀመሪያ የሞተሩ ድምፅ መጣ። ከዚያ ጀልባው ታየ። ሊቀመንበሩ ቀድመው አዩትና፣ "ሞልቷል" አሉ። እኔ አላመንኩም፤ እየቀረበ ሲመጣ ነው ያየሁት። ከአፍ እስከ ገደፉ ሰው ነው። ማንጎ የሞላ ዘንቢል፣ የታሰሩ ዶሮዎች፣ ጃንጥላ የያዙ ቄስ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት። መሃል ላይ ደግሞ እናቴ፤ ቆማለች፣ ቁጭ በይ ቢሏትም እንደማትሰማ ከሩቅ ይታወቃል። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ለማንም አልደበቅኩትም።

እናቴ ወረደችና ከእኔ በፊት ጓደኛዬን ነው ያቀፈቻት። "ሁለት አላችሁ፣ ሁለት ሰዓት ሞተሩ ተነሳ። አንድም ሰው አልቀረብኝ!" ለአባትየው ደግሞ ጎንበስ ብላ፣ "እንደምን ዋሉ? ልጅዎን ባርከውልን ነው እንጂ ይህ ይሆን ነበር?" አለቻቸው። አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሊቀመንበሩ የጀልባውን ገመድ አስረው ሲጨርሱ ወደ እኛ መጡ። "ለሰኞም ላኩ" አሉ። ሁለት እርምጃ ሄደው ዞር አሉና፣ "ከዚያ በኋላም ያው ነው፤ ማታ ማታ እነግራችኋለሁ" አሉ።

ጓደኛዬ አባቷን አየች። እሳቸው እሷን አላዩም፤ ዶሮና ዘንቢል እየተቀባበለ የሚወርደውን ሰው ነው የሚያዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

"ይህ ሁሉ ሰው በመልእክታችሁ ነው የመጣ?" አሉ በመጨረሻ።

"አዎ፣ አባባ" አለች። "ሁለታችን ነን የሠራነው።"

ከኪሳቸው ስልካቸውን አወጡ፤ ዓይናቸው ስለደከመ ቁጥሩን እሷ ደወለችላቸው። ወረታ ያሉት ሚስታቸው አነሱ። ምሳ ለስንት ሰው ላቆይ ብለው እንደጠየቁ ከአባትየው መልስ ገባኝ።

"ለእኔ ብቻ አቆዪልኝ፤ ብቻዬን ነው የምመጣ" አሉ። "እሷንማ እዚህ ሰው ይጠብቃታል።"